የአሥር አለቃ ፈንታሁን ሦስት ደቂቃ

ግማሽ እንጀራ ግማሽ ሆድ ይሞላል፤ ግማሽ ቃል ግን አገር ይሞላል። ይህን ያሉት የጥንት ሊቃውንት አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ሊቃውንቱ ሳይሉት የቀሩት ሬዲዮ ስላልነበራቸው ይመስለኛል። በእነሱ ዘመን ሰው ከሰው ለማጣላት በእግር መሄድ ያስፈልግ ነበር። ወሬ አመላላሹ ዳገት ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ውሻ ያባርረዋል፤ እስኪደርስ ድረስ የወሬውን እኩሌታ ይረሳዋል፣ በቀረው ደግሞ ይጸጸትበታል። ዛሬ አንድ ሰው አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጦ መቀስ ሲያነሳ፣ ጎጃም፣ ጥርባ ላይ ሠርግ ይፈርሳል። ታዲያ ሠለጠንን ቢባል ምን ሐሰት አለው?

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ዳንግላ ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ስፌት አስተምራለሁ። አርባን ተሻግሬአለሁ፤ ምን ያህል እንደተሻገርኩ እስካሁን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አላስቸገርኩ። ሰው ሁሉ አንድ ደዌ አያጣም፤ የእኔ ጸጸት ነው። የጎረቤት ዶሮ ብትሞት፣ ትናንት ምን ብዬ አይቻት ይሆን እላለሁ። በረዶ የሰው ገብስ ቢመታ፣ ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ መውጣቴ ትዝ ይለኛል። የነፍስ አባቴ እንኳ ቢሰለቻቸው፣ «ልጄ፣ እባክሽ ለሌላውም ሰው ትንሽ ኃጢአት ተዪለት» ብለውኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ሰይጣን ከሬዲዮ ጋር ያገናኛት።

ወንድሜ ሰሎሞን አዲስ አበባ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ይሠራል። ለመስቀል ሊጠይቀኝ ሲመጣ አንድ ሙክት የሚያህል ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ቢከፍተው በውስጡ ሁለት ጎማዎች ይሽከረከራሉ፤ ቡናማ ጥብጣብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጠመጠማል። የተናገራችሁትን ይውጥና ስትፈልጉ መልሶ ይተፋል። ሰሎሞን ቴፕ ይባላል አለን። የሠፈር ሰው ተሰብስቦ አየው፤ አንዲት ጎረቤቴ ድምፅዋን ከሣጥኑ ስትሰማ፣ «እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምንጫጫው? ባሌ እንዴት ችሎኝ ኖረ!» ብላ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። እስከዚህ ድረስ ቴፑ ለሠፈራችን በረከት ነበር።

ሰሎሞን ግን የመጣው ለዶሮ ወጥ ብቻ አልነበረም። ለሰላም ማስከበር ኮንጎ ዘምቶ የተመለሰ ጀግና ከየጠቅላይ ግዛቱ እየተፈለገ ለሕዝብ እንዲሰማ አለቃው አዞታል፤ ከጎጃም አንድ ጎድሎታል። «እታለም፣ እዚህ አገር ጀግና ታውቂያለሽ?» አለኝ፤ ሽንኩርት የት እንደሚሸጥ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ጀግናማ ሞልቶ! አሥር አለቃ ፈንታሁን ገና ከመጣ ወሩ ነው» አልኩ። ይህን ባልልስ ምን ነበረበት? ይኸው እስከ ዛሬ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሥር አለቃ ፈንታሁን የአዲስ ቅዳም ሰው ነው። ደግ ነው፣ ሐቀኛ ነው፣ ሰላምታ አያጓድልም። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ወሬ ሲጀምር ከሥሩ ነው የሚጀምረው። «ገበያው ዛሬ እንዴት ነው?» ብትሉት፣ ገበያው ቅዳሜ የሆነበትን ምክንያት ካልነገራችሁ ወደ በርበሬው አይገባም። ኮንጎ የዘመተው አላምረው ከሚባል የጥርባ ልጅ ጋር ነበር። አንድ ድንኳን፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ሳሙና የተካፈሉ ጓደኞች ናቸው። አላምረው እዚያው ቀርቷል፤ የመመለሻ ጊዜው ገና አልደረሰም። ፈንታሁን ቀድሞ ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ራሱ እናት ቤት ሳይሆን ወደ ጥርባ፣ ወደ አላምረው አባት ወደ አያ ተገኘ ቤት ነበር። እዚያ የልጃቸውን ደህንነት ሲነግር፣ የአላምረው እህት አንጓች ደግሞ እግር ልታጥበው ውሃ ይዛ ገባች። ወሬው ከሥሩ ስለተጀመረ ውሃው ቀዘቀዘ፤ ልታሞቀው ወጣች፤ ተመልሳ ስትመጣም ወሬው አላለቀም። ሦስተኛ ስትመለስ ግን ሁለቱም ልብ ለልብ ተዋውቀዋል። ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ሰሎሞን ይህን ጀግና ግቢዬ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቴፑን ከፈተ። የሠፈሩ ሰው አጥሩን ሞላው። «በኮንጎ የፈጸምከውን ጀብዱ ለሕዝብ ንገር» አለው። ፈንታሁንም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወታደር ሊሆን ሲሄድ አባቱ ስለሸጡለት ወይፈን ጀመረ። ወይፈኑ ዳለቻ ነበር። ገዥው የኮሶበር ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ብቻ ገበያ ላይ ያደርቃል። ሰሎሞን ሰዓቱን አየ። ከወይፈኑ ወደ ሥልጠናው፣ ከሥልጠናው ወደ አውሮፕላኑ፣ ከአውሮፕላኑ ወደ ኮንጎ ሙዝ ሲደርስ አንዱን ጥብጣብ ጨርሶ ሁለተኛው ተጠመጠመ።

ከዚያ ግን ወደ ቁም ነገሩ ገባ። የጭነት መኪናቸው በዝናብ ከመንገድ ተንሸራቶ ወንዝ ገባ። ዋና የማያውቁ ሦስት ወታደሮች ውስጡ ነበሩ፤ አንዱ እሱ ራሱ ነው። «እናቴን ጠራሁ» አለ፣ ምንም ሳያፍር። «አለቀስኩ። ውሃ ውስጥ ማልቀስ ምን ይጠቅማል? እንባው አይለይ! ብቻ አለቀስኩ።» ያን ጊዜ አላምረው ከዳር ዘሎ ገባ፤ አንድ በአንድ ጎትቶ ሦስቱንም አወጣ። ፈንታሁን መጨረሻ ሲወጣ ቦት ጫማውን ወንዙ አስቀርቶታል፤ እስከ ሠፈራቸው ድረስ በባዶ እግሩ የአላምረውን ቀበቶ ይዞ ሄደ። «እኔ ጀግና አይደለሁም» አለ ለቴፑ። «እኔ ጀግና ያወጣኝ ዕቃ ነኝ።»

እንዲህ ካለ በኋላ ተነሳ። ሁለቱ ጓደኛሞች ኮንጎ ሳሉ ቃል ተገባብተው ነበር፤ ማንም ቀድሞ አገሩ የገባ፣ ለቀረው ወንድሙ በቀረው ስም ይፎክርለታል። በወታደር ዓይን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሌለ ሰው ለራሱ አይፎክርምና። ፈንታሁንም፣ «ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አላምረው በእኔ አፍ ነው» ብሎ አስጠነቀቀ። ዱላዬን ከግድግዳው አንስቶ ነቀነቀ። «እኔ የተገኘ ልጅ፣ የጥርባው!» ብሎ ጀምሮ አጥሩ እስኪነቃነቅ ፎከረ፤

ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ ደራሹን ፈርቶ፣
ሦስት ነፍስ ጎትቶ አወጣ ክንዴ መች ሰልችቶ!

ሴቶቹ እልል አልን። እኔ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለ አላምረው ይሁን ዶሮ ወጡ እያረረ ስለነበር አሁን በትክክል አላስታውስም።

ኅዳር ውስጥ በሬዲዮ ወጣ። ዳንግላ ውስጥ ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ሰው ይቆጠራል፤ ከእነሱ አንዱ ጠጅ ቤት ነው። መምህርት ጠጅ ቤት አትገባም፤ ስለዚህ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። መለከት ተነፋ። ተናጋሪው በወፍራም ድምፅ፣ «ጀግናው አሥር አለቃ ፈንታሁን ከጎጃም!» አለ። ቀጥሎ የፈንታሁን ድምፅ መጣ፤ «መኪናው ተንሸራቶ ወንዝ ገባ። ሦስት ወታደሮች ውስጡ ነበሩ።» ከዚያ ወዲያው፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይለየው፣ «ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ ደራሹን ፈርቶ፣ ሦስት ነፍስ ጎትቶ አወጣ ክንዴ መች ሰልችቶ!» መለከት። አለቀ።

ወይፈኑ የለም። ሙዙ የለም። እሰይ። ግን አላምረውስ? እናቱን የጠራው፣ ያለቀሰው፣ ቀበቶ ይዞ የሄደው ፈንታሁንስ? ጠጅ ቤቱ በጭብጨባ ፈረሰ። ደግሞ የሚገርመው፣ ግቢዬ ቆመው ሁሉን የሰሙት ጎረቤቶቼ ናቸው። በማግሥቱ ባነጋግራቸው፣ «አዎ፣ እሱ ነው ያወጣቸው፤ ነገረን እኮ!» አሉኝ። ሬዲዮ ሲናገር ጆሮም ይስታል ለካ።

አያ ተገኘ ሬዲዮ የላቸውም፤ ገበያ ግን አላቸው። ኮሶበር ገበያ ላይ አንዱ እየሳቀ፣ «አማችዎ ሦስት ሰው ከውሃ አወጣ አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎ!» አላቸው። ሌላው ደግሞ ፉከራውን ከነዜማው አወረደላቸው። አያ ተገኘ ፈረሳቸው ላይ ወጡ፣ ቤታቸው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ፈንታሁን ለአንጓች የገዛላትን ጥቁር ጃንጥላ በሰው መልሰው ላኩለት። እንደ አዊ ባለ ዝናባም አገር ጃንጥላ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ፈንታሁን ጃንጥላውን በብብቱ ይዞ እኔ ቤት መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬውን ከመጨረሻው ጀመረ፤ «እትዬ፣ አንጓችን አጣኋት» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም። ፈንታሁን ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እግዜር ዳግመኛ አያሳየኝ። ወይፈኑን በናፈቅሁ!

በማግሥቱ ወደ ጥርባ ሄድኩ። አያ ተገኘ በራቸው ላይ ቆመው ተቀበሉኝ፤ ግቢ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። እጅ ነስቼ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፣ ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አላምረውን ከፍ አድርጎ ጠርቶታል፣ ወንድሜ ነው የቆረጠው አልኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ «እሜቴ፣ አንቺ የዚያው የሬዲዮው ሰው እህት አይደለሽም?» አሉ። ነኝ አልኩ። «እንግዲያው ምስክርነትሽን ለራስሽ ያዢው።» ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ ፈንታሁን እዚህ ቤት ተቀምጦ ልጅዎ አዳነኝ ብሎ እንባውን አፍስሷል፤ ለአገር ሲናገር ግን እኔ ነኝ ያዳንኩ አለ። ሰው አወራው ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ድምፁ የራሱ መሆኑን ግን የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። ድምፅ እንደ ጨርቅ ይቆረጣል ትይኛለሽ? የሰው ትንፋሽ በመቀስ ሲቆረጥ ማን አይቷል? «በሕይወት ያለን ሰው ሥራ የሚወስድ፣ ሞቱን ይመኛል። ልጄ ገና ከባዕድ አገር አልገባም። ሞቱን ለሚጠብቅ ሰው እህቱን ልድርለት?»

እውነታቸውን ነው። የሰሙት ያንን ነው፤ በሰሙት ፈረዱ። ስመለስ አንጓች ከአጥሩ ኋላ ጠበቀችኝ። ዓይንዋ አብጧል፣ አፏ ግን ጤነኛ ነው። «እትዬ፣ የተቆረጠውን ወዴት ጣለው ይሉታል?» አለችኝ። ምናልባት ተጠርጎ ተጥሏል አልኳት። «ጠራጊዋን ባገኛት ጥሩ ነበር» አለች። «ለማንኛውም ያንን ወንድምዎን ያምጡልኝ። አባቴ የሰው እህት ባያምን፣ ያጠፋው ራሱ ሲናገር ያምናል።» እኔ ትምህርት ቤት የማስተምር ነኝ፤ ይህን ግን አላሰብኩትም ነበር። ያስተማሩኝ ሁሉ መጸጸት እንጂ መፍትሔ መፈለግ አልነበረም መሰለኝ።

ቴሌግራም ቤት ሄጄ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። የቴሌግራሙ ሠራተኛ ተመልክቶት፣ «እመቤቴ፣ ይህ በጭነት መኪና ነው የሚሄደው» አለ። ያሳጥሩት አለኝ። አንዱን ሰረዝኩ፣ ሌላውን ሰረዝኩ፤ ፈንታሁን ወጣ፣ አንጓች ወጣች፣ ጥርባም ወጣ። መጨረሻ የቀረው፣ «በአንተ ምክንያት ሠርጉ ሊፈርስ ነው፤ ድረስ» የሚል ብቻ ሆነ። ጥሩ ነው ብዬ ላክሁ።

ሰሎሞን በአራተኛው ቀን ከአውቶቡስ ወረደ፤ ብቻውን ግን አልነበረም። ሚስቱ አብራው ነበረች፤ ሻንጣ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ቴሌግራሙን የተቀበለችው እሷ ናት። ዳንግላ ላይ ስለሚፈርሰው የባሏ ሠርግ በዝርዝር ለማወቅ ፈልጋ ነው የመጣችው። እስክናስረዳት ድረስ መሸ። ሰሎሞን ወንበር ላይ ወድቆ፣ «እታለም፣ እንዴት እንዲህ ቆርጠሽ ትልኪያለሽ?» አለኝ። አንዳንድ ዳኛ በከሳሹ በራሱ አፍ ውስጥ ይቀመጣል።

በማግሥቱ ግን ተከራከረኝ። ሬዲዮ ሸንጎ አይደለም አለኝ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ፤ ሰውየው በሦስት ደቂቃ ወይፈኑን እንኳ ሸጦ አይጨርስም። ሁለት ስም ሰሚን ያደናግራል። ወታደር አለቀስኩ ሲል ደግሞ አለቃዬ፣ «ይሄ ጀግና ነው ወይስ ሙሾ አውራጅ?» ብሎ መቀሱን ራሱ አቀበለኝ። «ያልተናገረውን አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ ሁሉም ከአፉ የወጣ ነው» አለ። ሐሰት የለበትም። እኔም አልኩት፤ ልጃገረዶቼም ቀሚስ ሲያበላሹ ከሌላ ሰው ጨርቅ አይጨምሩም፤ ከዚያው ጨርቅ ነው እጅጌውን አንገት ላይ የሚሰፉት። ሳቀ፤ ቀጥሎም ሳቁ ቀረ። «ሰውየው በእውነት ልጅቷን አጣት?» አለ። ፈንታሁን ቤቴ ጥሎት የሄደውን ጃንጥላ አሳየሁት።

ሽማግሎች ነገሩን ሊያዩ ጥርባ፣ ትልቁ የኮሶ ዛፍ ሥር ተሰየሙ። ፈረሶቻቸው ዳር ተደርድረው ሣር ይነጫሉ። ሰብሳቢው አያ ጀምበሬ ናቸው፤ ያረጁ፣ ምላሳቸው ግን ያላረጀ። አያ ተገኘ በስተቀኝ፣ ፈንታሁን በስተግራ ተቀመጡ። ሰሎሞን ከነሣጥኑ መካከል ላይ ቆሞ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቃሉን ቆርጬ ቀጥዬዋለሁ አለ። አያ ተገኘ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እህቱም ይህንኑ ብላለች። ሊያስታርቁ ነው፤ ድምፅ አይቆረጥም።»

ሰሎሞን ትንሽ አሰበና አያ ጀምበሬን፣ ፈቃድዎ ከሆነ ስለ ሌባ አንድ ነገር ይናገሩልኝ አላቸው። እሳቸውም ለሣጥኑ ጎንበስ ብለው፣ «ፈረስ የሰረቀ ሰው እዚህ ቢኖር ከእኔ ጋር አይቀመጥም! እኔ ጀምበሬ ነኝ!» አሉ። ሰሎሞን ጥብጣቡን አወጣ፣ በምላጭ ከሁለት ቦታ ቆረጠ፣ መካከሉን ሣር ላይ ጣለ፣ ጫፍና ጫፉን በማጣበቂያ አያያዘ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል። መልሶ አጫወተው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአያ ጀምበሬ በራሳቸው ድምፅ፣ ከሣጥኑ ውስጥ፣ «ፈረስ የሰረቀ ሰው እኔ ጀምበሬ ነኝ!» የሚል ወጣ።

መጀመሪያ ሁሉም ወደ ፈረሱ ዞረ፤ አለ እንደሆነ ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። አያ ጀምበሬ ብቻ አልሳቁም። ከሣሩ ላይ ቁራጩን አንስተው በፀሐይ አዩት፣ አሸተቱት። «ንጽሕናዬ ይህች ናት?» አሉ። «ይህችን ያህል ናት?» ቁራጩን ለአያ ተገኘ አቀበሏቸው። አያ ተገኘ በጣታቸው መካከል ይዘውት ቆዩ። ድምፅ ሲቆረጥ አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋይ ቀስ እያለ ሲፈታ እኔም አየሁ። «እንግዲያው የፈንታሁንን ቃል ሙሉውን ልስማ» አሉ። «የአንድም ቃል ጫፍ እንዳይነካ።»

የእኛ አገር ሽማግሌ ፊት አንድ ደንብ አለ፤ ቃሉን የጀመረ ሰው «ጨርሻለሁ» እስኪል ማንም ጣልቃ አይገባም፤ የገባ ይቀጣል። ስለዚህ ፈንታሁን ተነሳ። ኩታውን አደገደገ። ጉሮሮውን ጠረገ። ወይፈኑ ዳለቻ ነበር አለ።

እንግዲህ ምን ልንገራችሁ? ገዥው ገበያ ላይ ያደርቃል አለ፤ ያደረቀበትን ሁሉ ነገረን። ፀሐይዋ ከአናታችን ላይ ሆና ጀምራ ወደ ምዕራብ ሄደች፤ ጥላው ትቶን ወደ ፈረሶቹ ዞረ። አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዶት ወሬው ሥልጠናው ላይ ሲደርስ ነቃ፤ «ወይፈኑ ተሸጠ?» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ደንቡ ትዝ ሲለው ዘጋው። የሰሎሞን ሚስት ለምን እንደቆረጠው ገብቷት ባሏን አየት እያደረገች በዓይኗ ይቅርታ የምትለው መሰለኝ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን ማንም አላንቀላፋም። እናቱን ጠራ። አለቀሰ። አላምረው ዘሎ ገባ። አያ ተገኘ ኩታቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ፈንታሁን ዱላ ጨብጦ፣ «እኔ የተገኘ ልጅ፣ የጥርባው!» ብሎ ሲጀምር፣ ከአጥሩ ኋላ የአንጓች እልልታ ከሁሉ ቀድሞ ተሰማ። ደንብ ጣሰች፤ የቀጣት ግን የለም።

ፈንታሁን «ጨርሻለሁ» ሲል ፀሐይም አብራው ልትጨርስ ነበር። ሽማግሎቹ ወገባቸውን እያሹ ተነሱ። አያ ጀምበሬ ሰሎሞንን ጠሩትና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ሁላችንም ተግሣጽ ጠበቅን። «ልጄ፣ መቁረጡንስ ቁረጥ» አሉት። «በሬም ሲታረድ እንዳለ አይበላም፤ ይበለታል። አንተ ግን ሥጋውን ጥለህ ቀንዱን ነው ያቀረብከው። እንደገና በሬዲዮህ አውጣው፤ የአላምረው ስም ይኑርበት፣ ልቅሶውም ይኑርበት፤ ያለቀሰ ሰው እኮ ነው የዳነው። ለዚህ ስንት ደቂቃ አለህ?» ሦስት አላቸው። አያ ጀምበሬ ወደ ፈንታሁን ዞር ብለው አዩ፤ ወይፈኑ ትዝ አላቸው መሰለኝ። «በቂ ነው። እኔ ብሆን በሁለት እጨርሰዋለሁ።»

ሰሎሞን አለቃውን እንዴት እንዳሳመነው አላውቅም። በገና ሰሞን ግን የጥርባው አላምረው በሬዲዮ ተጠራ፤ የወታደር ልቅሶም ተሰማ፤ መንግሥትም አልፈረሰ። ይህንን አይቼ ስለዚህ ዓለም ትንሽ ተስፋ አድሮብኛል። የቆረጠ እጅ መቀጠልም ይችላል፤ የሚያሳየው ሰው ካገኘና ለማየት ካላፈረ። ለነፍስ አባቴም ይህን ነግሬአቸው፣ «አሁንስ አረፍሽ?» አሉኝ። የቴሌግራሙ ጸጸት ብቻ ቀርቶኛል አልኳቸው።

የሠርጉ ነገር ደግሞ ያን ቀን ማታውኑ እዚያው ዛፍ ሥር አለቀ። አያ ተገኘ ፈንታሁንን አቅፈው ሳሙት። ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ጃንጥላውንም ይዘህ ና አሉት። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሜቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉ። «ሙሽራው በሠርጉ ዕለት ተነስቶ መናገሩ አይቀርም። ያ ወንድምሽ ሣጥኑንና ምላጩን ይዞ ከአጠገቡ እንዲቀመጥልኝ እባክሽ።»